ያለ ጓንት አልነዳም

ፍሥሐ የሰናይትን ልብ ያገኘው ወድቆ ነው። ለቀልድ ይመቻል እንጂ እውነት ነው። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱ ጣለው፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ፤ እሱም እያነከሰ መንገድ ዳር ካለች አንዲት የልብስ ስፌት ቤት ገባ። የመጣው ሱሪውን ለማሰፋት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሰናይት ግን ሱሪውን ትታ እጁን አየች።

«መዳፍህ ውስጥ ጠጠር አለ» አለችው።

«ግድ የለም፤ ይወጣል።»

«እንዴት ነው የሚወጣው? በገዛ ፈቃዱ?»

መርፌዋን በክብሪት ለብልባ፣ እጁን የስፌት መኪናዋ ላይ አስዘርግታ ጠጠሩን ትለቅም ጀመር። ፍሥሐ የከብት ሐኪም ነው፤ ሲያስፈልግ ኮርማ ጥሎ ያስራል። ያን ቀን ግን ትንፋሹን ውጦ ተቀመጠ። ሰናይት ቀና ስትል ዐይኑ ዐይኗ ላይ ነበር። ሁለቱም ቶሎ ብለው ወደ ሌላ አዩ። ሱሪው ሳይሰፋ ዋለ።

ከዚያ ወዲያ ሰናይት ሰላም አጣች። ፍሥሐ ጠዋት ጠዋት ከብት ሊያክም በየቀበሌው ይወጣል። መንገዱ ኮረት ነው፣ ብስክሌቱ አሮጌ ነው፣ የጥቅምት ብርድ ደግሞ ጣት ያደነዝዛል። መንገድ ላይ ውሻ አለ፣ አህያ አለ፣ አይሱዙ አለ። እሱን እያሰበች የምትሰፋው ሁሉ ይጣመምባት ጀመር። የአንድ ሰውዬ ኮት እጅጌ ገልብጣ ገጥማ ደንበኛው ሲለብሰው ሰፈሩ ሳቀ።

ስለዚህ ጓንት ሰፋችለት። ከወፍራም ጂንስ፣ መዳፉ ላይ ስፖንጅ ያለው፣ አንጓን አልፎ የሚሄድ ጓንት።

«ይሄን አድርጌ ፍሬን እንዴት ልያዝ? ጣቴ አይሰማኝም እኮ!» አላት።

«መዳፍህ ከሚላጥ ጣትህ ባይሰማህ ይሻላል።»

«የከብት ሐኪም ጓንት የሚያጠልቀው ለሌላ ሥራ ነው» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «ፍሥሐ፣ ጠዋት ከወጣህ እስክትመለስ ልቤ አንተ ጋ ነው። ስጨነቅ መዋል ሰለቸኝ። ጊዮርጊስን በል።»

«ስለ ጓንት?»

«ስለ እኔ።»

ሳቁ ጠፋ። «ጊዮርጊስን! ያለ ጓንት አልነዳም» አለ።

በዚያ አገር ታቦት መጥራት ጨዋታ አይደለም። የሰናይት አባት አቶ እንየው ከከተማዋ ወጣ ብለው ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ ለሽምግልና የሚፈለጉ ሰው ናቸው። በእርሻ ድንበር ታቦት ጠርቶ የዋሸባቸውን አብሮ አደጋቸውን ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰናይት በዚህ ቤት ስላደገች ከመሐላ የሚበልጥ ማሰሪያ አታውቅም ነበር።

ማሰሪያው ለጥቂት ጊዜ ልቧን አሳረፈላት። ፍሥሐም ለእሁድ ሽማግሌ እንዲልክ ተነጋገሩ። ከዚያ ግን አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለች። ሰውየው ጓንቱን ጨርሶ ማውለቅ ተወ። ስፌት ቤቷ ሲገባ በጓንት፣ ሻይ ሲጠጣ በጓንት።

«ምነው?» ስትለው፣ «ለምጄው ነው» ይላታል፤ ዐይኗን ሳያይ።

ሽማግሌ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀር አባቷ ሳይታሰቡ ስፌት ቤቷ ገቡ። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ያ የከብት ሐኪም እጁን ነፈገኝ» አሉ።

«እንዴት አባባ?»

«መንገድ ላይ አገኘሁትና እጄን ዘረጋሁ። እሱ ጨርቅ አስጨበጠኝ። ‹እስቲ አውልቀው› ስለው ‹ይቅርታ አባቴ› ብሎኝ ሄደ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የአክስትሽን ነገር ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። አክስቷን ያገባት ሰው ሠርጉ እስኪያልፍ ድረስ እጁን ከጋቢው አላወጣም ነበር። ሥጋ ደዌ ነበረበት። ደዌውስ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ነበረው፤ አክስቷ ይቅር ያላለችው መደበቁን ነው።

«እጁን ሳላይ ሽማግሌው ደጄን እንዳይረግጥ» አሉና ወጡ።

ሰናይት የጀመረችውን ስፌት ከመኪናው ላይ አነሣችው። ጎረቤቷ ጨርቅ ሻጯ ሁሪያ ልታጽናናት መጥታ ይባስ አሸበረቻት።

«እኔ እምለው፣ ቀለበት ቢሆንስ? ወገዳ ከተማ ያስቀመጣት ሚስት ብትኖረውስ?»

«ሁሪያ፣ ተይኝ!»

«ኧረ እንዲያው ነው ያልኩት።»

እንዲያው የተባለው ነገር ልቧ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እውነት የማታውቀውን ሰው ነው እንዴ የወደደችው?

በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ከቁልቁለቱ ግርጌ ጠበቀችው። ፍሥሐ ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ መጣ። ሲያያት ቆመ።

«አውልቀው» አለችው።

«ሰናይት፣ እዚህ መንገድ ላይ...»

«አባቴ እጁን ካላየሁ ሽማግሌ አይምጣ ብለዋል። እኔም እንደ አባቴ ነኝ። ከዛሬ በኋላ በጓንት ሰላም አልልህም።»

ብስክሌቱን መንገዱ ዳር አጋደመው። ከዚያ ጓንቱን በጥርሱ ይዞ ሳበው። ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ሲላቀቅ ፊቱ ተኮማተረ። መዳፉ እንዳለ ተልጧል፤ ጠርዙ መግል ይዟል።

ቀለበት የለም። ደዌ የለም። ሰናይት ተነፈሰች፤ ወዲያው ግን ንዴቱ መጣ።

«መቼ ወደቅህ?»

«ባለፈው ሳምንት። ጓንቱ ኪሴ ነበር።»

«ጊዮርጊስን ብለህ ሳለ?»

«ስሚኝ። በጓንት ፍሬኑን በቅጡ ሳልይዘው ቀርቼ አንዲት አሮጊት ልገጭ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱ ላይ አወልቀዋለሁ፤ አንቺ ጋ ስደርስ አጠልቀዋለሁ። ስወድቅ ደግሞ ቁስሉን ካየሽ መሐላዬን እንዳፈረስኩ ታውቂያለሽ ብዬ...»

«ለምን አልነገርከኝም? ጣት ጣቱን ቆርጬ እሰጥህ ነበር! የመቀስ ሥራ ነው እኮ፣ ፍሥሐ!»

«አንዴ ምያለሁ። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስታበቃ እንባዋን ጠርጋ፣ «አባቴ ጋ እንሂድ» አለችው። «ወደቅሁ በላቸው፤ በቃ። መሐላውን እንዳታነሣ። ከሰሙ አለቀልን።»

ፍሥሐ አዎም እምቢም አላለም። መንገዱን ሙሉ እሷን ያስጨነቃት ይኸው ዝምታው ነበር።

አቶ እንየውን አውድማ ላይ አገኟቸው፤ ገብስ በመንሽ ያዘሩ ነበር። ፍሥሐ ሁለት እጁን ዘረጋ። መንሻቸውን ተደግፈው መዳፉን ገለጥ፣ ገልበጥ አድርገው አዩት። ፊታቸው ፈታ አለ።

«ይሄማ ቁስል ነው። አዬ ልጄ! ቁስል ምን ያስደብቃል?»

እዚያ ላይ ነገሩ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሰናይት ዝም በል እያለች በዐይኗ ለመነችው። ፍሥሐ አያት፤ ከዚያ ወደ አባቷ ዞረ።

«ያስደበቀኝ ቁስሉ አይደለም፣ አያ እንየው። ያለ ጓንት አልነዳም ብዬ ጊዮርጊስን ጠርቼ ነበር። አፈረስኩት።»

መንሹ ከአቶ እንየው እጅ ወደቀ።

«ታቦት ጠርተህ?»

«አዎ።»

«ስለ ጓንት?»

«ስለ ጓንት።»

«እኔ ነኝ ያስማልኩት!» አለች ሰናይት። «እሱ አልፈለገም ነበር፤ እኔ ነኝ።»

አባቷ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። ቢጮኹ ይሻላት ነበር፤ አልጮኹም። «እሁድ ሽማግሌ አይምጣ። የፈረሰ መሐላ ይዞ ለመጣ ሰው ልጅ አልሰጥም። ለንስሐ አባታችሁ ተናገሩ» ብለው መንሹን አንሥተው ወደ ገብሳቸው ዞሩ። ከዚያስ በኋላ? እሱን አልተናገሩም።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ደምሌ ለሁለቱም የብዙ ቀን ስግደት አዘዙ፤ ለማለው ስላፈረሰ፣ ላስማለችው በትንሽ ነገር ታቦት ስላስጠራች። ሁሪያ «እጁ እስኪድን ቢቆይስ?» ብላ ነበር። ፍሥሐ አልቆየም።

የመጀመሪያው ጠዋት ሰናይት የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጓንቱን ይዛ ጠበቀችው። ጣት ጣቱን ቆርጣዋለች።

«መሬቱ ጠጠር ነው። ለዛሬ እንኳ አድርገው» አለችው።

«ለብስክሌቱ አደርገዋለሁ። ለዚህ አላደርግም።»

ልትከራከር አፏን ከፈተችና ተወችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ስትተው የመጀመሪያዋ ነው።

እሱ በወንዶች በኩል፣ እሷ በሴቶች በኩል ሰገዱ። ጠጠሩ የእሷንም መዳፍ ይወጋል፤ እሱ መሬት በነካ ቁጥር የሚውጠው ትንፋሽ ይሰማታል። እሷን የሚያስጨንቃት ግን የእሱ እጅ መሆኑ ቀርቷል። አባቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገሯትም። ቀኖናው አልቆ አባቷ ዝም ቢሉስ? እሁድ አልፎ ሌላ እሁድ ቢመጣና ዝም ቢሉስ?

ቀኖናው በተፈጸመበት ጠዋት ቀና ስትል አባቷን ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ቆመው አየቻቸው። ለጠዋቱ የኪዳን ጸሎት ነበር የመጡት፤ ኪዳኑ ካለቀ ቆይቷል። መቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላወቀችም።

አቶ እንየው በቀስታ ወደ ፍሥሐ ሄዱ። ፍሥሐ ደም የቋጠረ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ወደ ኋላ ሊሰበስበው ከጀለና ተወው።

«አምጣ እንጂ» አሉት።

ዘረጋላቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ቶሎም አልለቀቁትም።

«እንዴት አደርህ?» አሉት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደሩ፣ አባቴ?»

«ደኅና።» ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱ። ሰናይት አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ባያዩዋትም ድምፃቸው ለእሷ ነበር።

«እሁድ ቤት ነኝ» አሉ።