ሞት በሃሎራኖች ጀልባ መቆሚያ

ሚስ ቢያትሪስ ሃሎራን ራሳቸው ተፈንክቶ ከጀልባ መቆሚያው ሥር የተገኙት የካምፓቸው ሃምሳኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር። የመቆሚያው መከታ ሰንሰለት ተፈቷል። ለማሳቹሴትስ ግዛት ሁለት ሴናተሮችና አንድ አገረ ገዥ ያበረከተው ይህ ቤተሰብ ጥፋተኛውን ለመሰየም ቁርስ እስኪቀርብ እንኳ አልታገሠም።

«ራስል ነው» አለ የሟች ወንድም ልጅ ዴዝመንድ፤ በመጪው ኅዳር ለሴናተርነት ይወዳደራል። «ሰንሰለቱን ማሰር የእሱ ሥራ ነው። ረስቶታል። ምስኪን፣ አይፈረድበትም። ካምፑ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል።»

መርማሪ ሉሲንዳ መዴይሮስ ቃሉን ጻፈች። «አይፈረድበትም» እያለ የሚፈርድ ሰው ፈጽሞ አይጥማትም።

ራስል አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ወደተሠራው ወደዚህ ካምፕ በስምንት ዓመቱ መጣ፤ አሁን ጀልባዎቹን ይጠብቃል።

«አስሬዋለሁ» አለ። «ማታ አስሬዋለሁ። ሁለቴ ጎትቼ አየሁት።»

«ጠዋትስ ምን አየህ?»

«ባንዲራው የምሰሶው ግማሽ ላይ ነበር። ማን ሞተ ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። ከዚያ ሞራ ጮኸች።»

መዴይሮስ መጻፏን አቆመች። ከዚያም አስከሬኑን ወዳገኘችው የዴዝመንድ እህት፣ ወደ ሞራ ሄደች።

«ባንዲራውን ማን ይሰቅላል?»

«እዚህ ካሉት የቤተሰቡ ወንዶች ታላቁ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ላይ። ዴዝመንድ ነው። ከሃሎራኖች ሰው ሲሞት ጫፍ ድረስ ይሰቀልና ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከልጅነታችን ጀምሮ አድርገነዋል፤ ቀብር አጥተን አናውቅም።»

«አክስትሽ ዛሬ ምን ሊናገሩ ነበር?»

«ይህን የቤተሰቡን ቤትም ለካምፑ እንደምትሰጥ። ትናንት እራት ላይ ነገረችን። ዴዝ ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ።»

አራት ሰዓት ላይ መዴይሮስ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ዴዝመንድ፣ ዛሬ ባንዲራ ሰቅለዋል?»

«እንደ ወትሮው፣ አሥራ ሁለት ላይ። ከዚያ ሞራ እስክትጮህ ተኝቻለሁ።»

ስልኳን ዘረጋችለት። «ይህን አንድ ዓሣ አጥማጅ ፀሐይ ስትወጣ ያነሣው ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር። ባንዲራዎ ግማሽ ላይ ነው። ከጩኸቱ በኋላ ያየው ሁሉ ተገቢ መስሎት አልፏል። ግን በዚያ ሰዓት ለማን ነበር የሚያዝኑት?»

«ነፋስ አውርዶት ይሆናል።»

«ነፋስ ገመድ አያስርም። ሲነጋ ከአክስትዎ ጋር ተጣሉ፣ ገፏቸው። በራስል ለማላከክ ሰንሰለቱን ፈቱ። ከዚያ ባንዲራ ሊሰቅሉ ሄዱ፤ አንደበትዎ የሚዋሸውን እጅዎ መዋሸት አልቻለም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ እርስዎንም ሳያስቡት የሐዘን ባንዲራ አስወርዶ አጋለጠዎት።»

ዴዝመንድ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ማንን እንደምትናገሪ ታውቂያለሽ? ሞራ፣ ንገሪያት እንጂ! ስም ከመቃብር በላይ ነው!»

ሞራ ተነሣች።

«የማን መቃብር ላይ፣ ዴዝ? ንጋት ላይ ስትጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ለስማችን ብዬ ዋጥኩት፤ አፈርኩበት። ፍርድ ቤትም እደግመዋለሁ። ልጆቹም ዛሬ ይመጣሉ፣ ካምፑም አይዘጋም!»

ፖሊሶቹ ዴዝመንድን ይዘው ሲወጡ ራስል በሩ ላይ ቆሞ አላሳልፍም አለ።

«ረስቶታል ብለሃል» አለው።

ዴዝመንድ አንገቱን አዞረ። ራስል ንቅንቅ አላለም። ፖሊሶቹ መዴይሮስን አዩ፤ እሷ ደግሞ ቀስ ብላ ማስታወሻዋን ታጥፍ ጀመር።

«አልረሳህም» አለ ዴዝመንድ በመጨረሻ።

«አልሰማሁም።»

«አልረሳህም!»

ራስል መንገዱን ለቀቀለት።