የተኛ በሽተኛ አይቀሰቀስም

ኮምቦልቻ ላይ የከባድ መኪና ጩኸት የማይገባበት ቤት የለም፤ ትርንጎ ግን ለልጇ ለውብሸት እንቅልፍ ስትል መስኮቱንም ሽንቁሩንም በጨርቅ ወትፋ ያንን እንኳ አስቀርታዋለች። ውብሸት ሾፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ የሕመም ማስታገሻ ይውጣል። ሐኪሙ ያዘዘው ካለቀ ቆየ፤ አሁን አዛዡ ኪኒኑ ራሱ ነው። በጓሮ በር የሚሸጥለትም አልጠፋ፤ ሞት መቼ ደላላ አጥቶ ያውቃል!

መጀመሪያ ሳቁ ጠፋ። ቀጥሎ የዓይኑ ብሌን ጠቦ ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አከለ፤ እናቱን ሲያያት ከጉድጓድ ውስጥ ሌላ ሰው አሻቅቦ የሚያያት ይመስላት ነበር። ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ያንቀላፋል።

«እማዬ፣ አታልቅሺ። አሁን እኮ ምኔንም አያመኝም።»

«ምኑንም የማያመው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? አፌን አታስከፍተኝ!»

ዛሬ ከምሳ በኋላ ማንኮራፋት ጀመረ፤ ደስ አላት። ድምፁ ግን እንግዳ ነው፤ እርጥብ፣ ከደረቱ ሳይሆን ከወለሉ ሥር የሚወጣ የሚመስል። ይጎትታል፤ ይቆማል፤ እሷም ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች፤ ደግሞ ይጎትታል። ክፍሉ ያደረ ላብ ይሸታል። ከንፈሩ የጠቆረ መሰላት፤ የታፈነው መስኮት አጥልቶበት ነው አለች። ልትነቀንቀው የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች፤ እንቅልፍ የወሰደው በሽተኛ አይነካም፣ መዳኛው ነው ተብላ ነው ያደገችው።

ውሻውን ፈትታ ሰደደች። ዶሮዎቹን አባረረች። ልትጠይቀው የመጣችውን ጎረቤቷን ዘርፌን ደጃፍ ላይ ያዘቻት።

«ዛሬ ገና ተኛልኝ። ቀስ! እንደ በቅሎ አትርገጪ!»

ዘርፌ ጫማዋን አውልቃ ገባች። አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ መዳፏን አፍንጫው ሥር አደረገች። እጇ እዚያው ቆየ። ከዚያ አንገቱን ዳሰሰች።

«እትዬ ትርንጎ... ይሄ ልጅ ከቀዘቀዘ ቆይቷል።»

«ሂጂ ወዲያ፣ ሟርተኛ! ማንኮራፋቱ አይሰማሽም?»

ዘርፌ ጆሮዋን ጣለች። ቤቱ ጭጭ ብሏል፤ ዝንብ እንኳ የለም። ትርንጎ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ አልጋው አዘንብላ፣ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች፤ ጠበቀችና ፊቷ በራ።

«ይኸው» አለች በሹክሹክታ፣ «ደግሞ ጀመረልኝ።»