ሦስተኛው መስመር

ሊቁ ሞቶ የተገኘው እየሳቀ ነው። መርማሪዋን የገረማትም ይኸው ነበር። የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ሰው ሁሉ እንደመሰከረው፣ ሽማግሌው በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጥርሱ ታይቶ አያውቅም። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግን ወንበሩን ከጠረጴዛው ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሮ፣ የሻይ ስኒውን ጭኑ ላይ ደፍቶ፣ መነጽሩ ሳይወልቅ፣ ፈገግ እንዳለ ደርቆ ተገኘ። የሐኪሙ ቃል አጭር ነበር፤ ሽማግሌው የሚወስደው የልብ መድኃኒት ከልኩ አሥር እጥፍ ተፈጭቶ ፔርሙዙ ውስጥ ተጨምሯል።

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪዋን በሩ ላይ የተቀበላት የክፍሉ ኃላፊ ነበር። በሌለበት «ማኅተሙ» ይሉታል፤ እጁ ከማኅተም በቀር ሌላ ሥራ ከረሳ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል።

«ነገሩ እኮ ግልጽ ነው» አለ። «ሻዩን በየቀኑ የምትሞላለት ተማሪው ናት። መድኃኒቱንም የምትገዛለት እሷው ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ዶክትሬቷን ከልክሏታል። ሰኞ የኳንተም ማዕከላችን ይመረቃል፣ እንግዶች አሉብን። እባክዎ ዛሬውኑ ይውሰዷትና ይገላግሉን።»

«ሰው ሞቶብዎት የሚያሳስብዎት ሪባኑ ነው?»

«ሁለቱም ያሳስቡኛል» አለ ማኅተሙ፤ ትንሽ እንኳ አላፈረም።

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥም ከእሱ የተሻለ አልነበረም። እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሌላ ተጠርጣሪ ካልተገኘ ልጅቷ ወደ ማረፊያ ቤት ትግባ ብሎ አዟል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ እዚህ ግን የሚፈሰው የልጅቷ ዕድሜ ነበር።

ተማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ከአንድ ፖሊስ ጎን ተቀምጣለች። መርማሪዋ ፖሊሱን አስነሥታ በቦታው ተቀመጠች።

«ትጠይው ነበር፣ የኔ ልጅ?»

«በየቀኑ» አለች ልጅቷ። «ግን እንዲሞት አልፈልግም። የስድስት ዓመት ሥራዬን አንብቦ የሚረዳው እሱ ብቻ ነበር። አሁን ማን ያነብልኛል?»

«እስቲ የዓርቡን ንገሪኝ።»

«ስምንት ሰዓት ላይ ፔርሙዙን ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ዘጠኝ ሲሆን እንደ ልማዱ ቤተ መጻሕፍት ሄደ፣ አሥር ሲሆን ተመልሶ ሻዩን ይጠጣል። ይህን የማያውቅ የለም። በሩን አይቆልፍም፤ ‹ሒሳብ የሚሰርቅ ሌባ ከመጣማ አስቀምጬ አስተምረዋለሁ› ይል ነበር። መድኃኒቱም መሳቢያው ውስጥ ነው።»

«ሰሌዳው ላይ ያለውስ ምንድን ነው?»

«‹ኳንተሙ› የምንላቸውን ተመራማሪ ቲዎረም የሚያፈርስ ማረጋገጫ። ግን አንድ ወር ሙሉ መጨረሻው አልገጥም ብሎት ነበር። ሐሙስ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ‹አንድ ሳምንት ስጠኝ፣ ቲዎረምህን መጠቅለያ ወረቀት አደርገዋለሁ› ሲላቸው ሁላችንም ሰምተናል።»

«ኳንተሙ» የሚሏቸው ሰውዬ ቢሯቸው ውስጥ ክራቫት አስረው፣ የሰኞ ንግግራቸውን እያረሙ ነበር የጠበቋት። የኳንተም ኮምፒውተር ቲዎሪ ተመራማሪ ናቸው። ማዕከሉ የተሠራውም ለእሳቸው ነው። ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ሒሳብ ምን ያህል ያውቃሉ?»

«አሥረኛ ክፍል ላይ ወድቄያለሁ።»

«እንግዲያው አቅልዬ ልንገርዎት» አሉ፤ ለሕፃን ማንኪያ የሚያቀርቡ ይመስል ድምፃቸውን አለዘቡ። «አንድ ከባድ ችግር አለ። ተራው ኮምፒውተር ዘመኑን ሁሉ ይፈጅበታል። የኳንተም ኮምፒውተር ግን በደቂቃ ይፈታዋል። ይህን ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ።»

«ማሽኑ የት አለ?»

«ገና አልተሠራም።»

«ያልተወለደ ፈረስ ውድድር አሸነፈ በሉኛ!»

ሰውዬው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይህን የሚያክል ነገር ለእርስዎ ማስረዳት አልችልም።»

«ግድ የለም። ሽማግሌውስ ምን አሉ?»

«ተራውም ኮምፒውተር እኩል ይፈጥናል ብሎ ሙጭጭ አለ። ጃጅቶ ነበር።»

«ዓርብ ክፍላቸው ገብተው ነበር?»

«ያን ደፍ ከረገጥኩ ዓመት አልፎኛል። ሰሌዳውንም አላየሁም፤ ማየትም አልፈልግም።»

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ክፍል ተመለሰች። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር በቁጥርና በፊደል ተሞልቷል፤ ራስጌው ላይ በትልቁ «አይጥፋ» ተብሎ ተጽፏል። ስርዝ የሌለበት መስመር ማግኘት ያስቸግራል። የፅዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ይህን ሰሌዳ ትነኪዋለሽ፣ እናቴ?»

«ኧረ እግዜር ያውጣኝ! ሁለት ዓመት ይሆነኛል፤ ‹አይጥፋ› የሚለውን ሳላይ ጠረግሁትና ከሥራ ልባረር ለጥቂት ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ባጸዳሁ ቁጥር በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። ‹አጠፋሽ› ቢሉኝ ማስረጃዬ ነው። የተማረ ሰው አይታመንም፣ ልጄ።»

«ዓርብም አንሥተሽዋል?»

«እንዴታ! ዘጠኝ ሰዓት ካሥር። ሽማግሌው እንደወጡ ነው የገባሁት። ወዲያው ጨርሼ ወጣሁ።»

መርማሪዋ ስልኩን ተቀብላ ከሰሌዳው ጋር ምልክት በምልክት ታመሳክር ጀመር። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ሁለት ጨርቆችን ማስተያየት ከልጅነቷ ታውቅበታለች። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ወደ ሰሌዳው ቀረብ አለች፣ ከዚያም «በስመ አብ!» አለች ለራሷ። ወጥታ ከልጅቷ ጋር በሹክሹክታ ተነጋገረችና ደብተሮቿን አስመጣች፤ አንድ ሥራም ሰጠቻት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በስብሰባው አዳራሽ ተቀመጡ፤ ማኅተሙ፣ ኳንተሙ፣ ልጅቷ፣ የፅዳት ሠራተኛዋ። የአዳራሹ ሰሌዳ ላይ የሟቹ ጽሑፍ እንዳለ ተገልብጧል። መርማሪዋም ስለ ምርመራው እንደመናገር ስለ አባቷ ታወራ ጀመር።

«አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ጣር ይዞት እንኳ፣ የሐኪሙ ጋውን ላይ የተንጠለጠለ ክር አይቶ ሳይበጥስ አልተወውም...»

ማኅተሙ ሰዓቱን ያያል። ኳንተሙ ግን መጀመሪያ እግራቸውን አወራጩ። ቀጥሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መርማሪዋ ስለ አባቷ መርፌዎች ስትቀጥል ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ጣቶቻቸው ጉልበታቸውን ይቧጥጡ ገቡ። በመጨረሻ ተነሡ፤ ስድስተኛው መስመር ላይ ያለችውን «ሁለት» በአውራ ጣታቸው ጠረጉና «አራት» ብለው ጻፉ።

«ይቅርታ፣ አላስቻለኝም» አሉ ሲመለሱ። «ይቀጥሉ።»

መርማሪዋ አልቀጠለችም። «ያችን ስሕተት ይህች ልጅ ናት የከተተችው፤ እኔ ነኝ የለመንኳት» አለች። «የትናንቱን ነገር ደግሞ ቀስ ብዬ ልናገር፤ አሥረኛ ክፍል የወደቀ ሰው ቀስ ሲል ነው የሚያምርበት። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ካሥር፣ በዚህች እናት ፎቶ ላይ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ የመደመር ምልክት አለ። አሁን ክፍላቸው ሰሌዳ ላይ ያለው የመቀነስ ነው፤ ይህች ልጅ እንዳለችው ትክክሉም እሱ ነው። ከፎቶው በኋላ አንድ ሰው አርሞታል። ሽማግሌው ናቸው? አይደሉም፤ ሰሌዳው ላይ አንድም የጠፋ ስሕተት የለም፣ ሁሉም ተሰርዞ በላዩ ነው የተጻፈው።»

«‹ስሕተትሽን ካጠፋሽው ከምን ትማሪያለሽ› ይለኝ ነበር» አለች ልጅቷ።

«የልጅቷም ስድስት ደብተሮች እንደዚያው ናቸው፤ ስርዝ በስርዝ። ሦስተኛው መስመር ግን በአውራ ጣት ነው የተጠረገው። ሽማግሌው አሥር ሰዓት ላይ ተመልሰው ሻያቸውን ሲቀዱ አዩት። ወንበራቸውን አዙረው የሳቁትም ለዚህ ነው። አንድ ወር ያልገጠመው ገጥሞላቸዋል። ስለዚህ የጠረገው ሰው የገባው እሳቸው ቤተ መጻሕፍት ሳሉ ነው። ፔርሙዙም ያን ሰዓት ብቻውን ነበር። ያን ደፍ ከረገጡ ዓመት ያለፈዎት ሰው፣ አውራ ጣትዎን ይመልከቱት።»

ኳንተሙ ጣታቸውን አዩ፤ ነጭ ነው። ከዚያ ፈገግ አሉ። «ይህ ማረጋገጫ አይባልም። በጣቱ የሚጠርግ ሰው ብዙ ነው። የክፍሉ ኃላፊም ይጠርጋል።»

«እውነትዎን ነው» አለች መርማሪዋ፤ ወደ ማኅተሙም ዞረች። «ምናልባት እርስዎ ይሆናሉ። እንደዚያ ከሆነ ሊቁ ያቃታቸውን የፈቱት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ይህ እኮ ትልቅ ክብር ነው፤ በመዝገቤ እጽፈዋለሁ።»

ማኅተሙ ክብር የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ ክሱን ረስቶ ክራቫቱን አስተካከለ።

«እሱ?!» አሉ ኳንተሙ፤ ወንበራቸው ወደ ኋላ ወደቀ። «ይህ ደንቆሮ? መደመርና መቀነስን የማይለይ! ሽማግሌው አንድ ወር የተደናበረባትን እኔ ቆሜ ባየሁባት ደቂቃ ነው ያረምኳት! እኔ ነኝ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሁሉም ሰምቷል።

«ስሕተቱን ትተውት ቢወጡ ኖሮኮ» አለች መርማሪዋ፤ ከንቀት በቀር ሌላ ነገር አልተሰማትም። «ሰሌዳው የሽማግሌ ቅዠት ይባልና ቲዎረምዎም ይተርፍ ነበር። ሰው የገደሉት እሱን ለማትረፍ ነው። ከዚያ በገዛ እጅዎ አፈረሱት።»

«እግር ኮቴ ሰምቼ ነው የወጣሁት» አሉ። «መልሼ ላበላሻት... ትክክል የሆነውን ማበላሸት አልቻልኩም።»

ሰው መግደል ችለዋል፤ ይህን ግን አልቻሉም። ፖሊሱ እጃቸውን በካቴና አሰረ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ጽሑፉ ሲወጣ» አሉ፣ «ሦስተኛው መስመር የኔ መሆኑ ይጠቀሳል?»

ልጅቷ ስድስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ነበር የምትላቸው።

«ስሕተት ያረመ ይመሰገናል፤ የክፍላችን ደንብ ነው» አለች። «አንተንም አመሰግንሃለሁ። የፈረሰው ቲዎረም የማን እንደሆነ ግን ርዕሱ ላይ ነው የምጽፈው።»

ከዚያ ጠመኔ አንሥታ፣ በአውራ ጣት ተጠርጎ የተጻፈውን «አራት» በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘችው፤ በላዩም በራሷ እጅ «አራት» ብላ ጻፈች። መርማሪዋ ለጣቢያው አዛዥ ስትደውል ስድስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ይቀረው ነበር።