የእንግሊዝኛ ቀን ጭብጨባ

መምህር አለምነህ የሞተው አዳራሽ ሙሉ ሰው እያጨበጨበለት ነው። በቴሌቪዥን የሚሰጠው የፕላዝማ ትምህርት በገባ በዓመቱ፣ ደባርቅ፣ በትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ቀን፣ የንጉሥ ካባ ለብሶ መድረክ ላይ ከዋንጫ ብርዝ ተጎነጨ፤ ጉሮሮውን ያዘ፤ ወደቀ። ወላጁም፣ ቄሱም፣ ሹሙም ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሰውዬው መሞቱ የታወቀው መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ነው። አይ የእኛ ነገር!

ዋንጫው የተባይ መድኃኒት ይሸታል። ያቀበለው ተማሪ ቢራራ ነበርና የመልቀቂያ ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ታሰረ። እናቱ እትዬ ደብሪቱ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

ከጎንደር የተላከችው ኢንስፔክተር በለጠች፣ ዋንጫው አጠገብ የደረሱት ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን አጣራች፦ ቢራራ፣ ብርዙን የበጠበጠችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ውቢት፣ ተውኔቱን ከሟቹ ጋር ያለማመደው መምህር ደርቤ።

«እንግሊዝኛ አይሆንልኝም፤ በማትሪክም የጣለኝ እሱ ነው» አለችው ደርቤን። «ንጉሡ መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ተመርዞ ይሞታል። አለምነህ ሲወድቅ ትወና መሰለኝና አጨበጨብኩ።»

«ከሁሉ ቀድመው?»

«ሳይሆን አይቀርም። የገባው ሰው እኮ ጥቂት ነው» ብሎ ፈገግ አለ።

ፈገግታው አልጣማትም። ወደ ቢራራ ሄደች። የልጁ ዓይን በለቅሶ አብጧል።

«ተውኔቱን እስቲ በአማርኛ አጫውተኝ።»

«ንጉሡ ይጠጡና ዋንጫውን ለእኔ ይመልሳሉ። የተረፈውን እጨልጥና የምሞተው እኔ ነኝ፤ አገልጋዩ። ንጉሡ ያለቅሱልኛል።»

«መምህርህ ሲወድቁ ታዲያ ለምን አልጮህክም?»

«ኧረ ጮኼያለሁ! ጭብጨባው ዋጠው።»

ውቢትም ለብቻዋ ስትጠየቅ ያንኑ የተውኔቱን ታሪክ ተረከች። «ደርቤ የፈተና መልስ ሲሸጥ አለምነህ ይዞት ነበር» ስትል አከለች። «ከበዓሉ በኋላ አጋልጥሃለሁ ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? በማግስቱ በለጠች ሦስቱንም፣ ያን ቀን ያጨበጨበውንም ሰው እዚያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«መርዙን ሦስቱም መጨመር ይችሉ ነበር» አለች። «ስለዚህ እኔ ጭብጨባውን ያዝኩ። እናንተ እንግሊዝኛው አልገባችሁም። አልገባኝም ማለት አሳፈራችሁና ጎረቤታችሁን አይታችሁ አጨበጨባችሁ። መጀመሪያ ያጨበጨበው ሰው ግን ተውኔቱን በቃሉ ያውቀዋል። ንጉሡ አይሞትም! ይህን የሚያውቅ ሰው ንጉሡ ሲወድቅ ይሮጣል እንጂ አያጨበጭብም፤ ማንም እንዳይደርስለት ካልፈለገ በቀር። ለእኔም ‹ይሞታል› አለኝ፤ እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ከማን ታጣራለች ብሎ። ተሳሳትኩ፣ መምህር ደርቤ?»

ደርቤ ላቡን ጠረገ። «ሊያዋርደኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ልጁስ? ከዚያው ዋንጫ ቀጥሎ የሚጠጣው ልጅስ?»

ደርቤ አንገቱን ደፋ። ቢራራ ያኔ ነው ነገሩ የገባው፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እናቱ ሮጠው አቀፉት፤ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ ቀና ብለው በለጠችን አዩ።

«ልጄ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ» አሉ። «መሃይም ናት እንዳልባል። ‹ኧረ ሰውዬው ምን ሆነ?› ብል ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

በለጠች ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች። አዳራሹ ውስጥ ግን ቀና ብሎ ያያቸው ሰው አልነበረም።