ሦስተኛው ካንዴላ ላይ የተገኘው ጠመኔ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ሰው ሲስቅብኝ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። ቤዚ እባላለሁ። ሐረር፣ ከሸዋ በር ወረድ ብሎ ባለ ጋራዥ ውስጥ ከሰባት ወንዶች ጋር ቱታ ለብሼ የምውል መካኒክ ነኝ።

ኒቆዲሞስ የመጣ ዕለት ከእሱ በፊት የተሰማችው መኪናው ናት። ጧ! ጧ! እያለች፣ እየተንዘፈዘፈች ገባች። በዕድሜ እኔን የምትበልጥ አሮጌ ሰማያዊ መኪና። ወረደና ግራ ቀኝ አየ። እኔን አይቶ አለፈኝ።

«መካኒኩ የለም?»

«ፊትህ ቆሜልሃለሁ እኮ!»

«ውይ... ይቅርታ... እኔ ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው።»

አሁን ይሄን ምን አመጣው? ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ መምህር ነው፤ እዚህ ዘመድ የለውም።

ሞተሩን አስነስቼ እሳት የሚለኩሱትን የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ በተራ ነቀልኩ።

«ስነቅለው ድምፁ ከተቀየረ ያ ጤነኛ ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን የማይሠራው እሱ ነው» አልኩት።

ሦስተኛውን ስነቅል ምንም አልተለወጠም። የገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ኮፍያ ተሰንጥቋል። ቀየርኩለት። ጸጥ ብላ ሄደች።

በሳምንቱ ተመለሰች። ጧ! ጧ! ያው ሦስተኛው ኮፍያ ላልቷል። አጥብቄ አስገባሁት። ስሠራ አጠገቤ ቆሞ የተማሪዎቹን ጉድ ሲያወራልኝ በሳቅ ገደለኝ። ምን እደብቃለሁ፣ ወደድኩት!

እሱ ሲሄድ ግን ወንዶቹ እያሾፉ አጨበጨቡልኝ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ደምሴ ጠሩኝ።

«ድሮም ብያለሁ፣ ሞተር የሴት እጅ አይወድም። ይቺ መኪና አንዴ ደግማ ከተመለሰች መፍቻሽን አስረክበሽ መኪና እጥበት ትገቢያለሽ።»

«አትመለስም!» አልኩ።

በአምስተኛው ቀን ተመለሰች።

ሰባቱም ሥራቸውን ጥለው ከበቡኝ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ያው ሦስተኛው ነው፣ ወጥቷል። ላስገባው ስል ጥቁሩ ጎማ ላይ ነጭ የጣት አሻራ አየሁ። ዳሰስኩት። ጠመኔ! ቀና ብዬ የኒቆዲሞስን ጣቶች አየሁ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አንተ ነህ!»

«ቤዚ... አንቺን የማይበት ሰበብ አጣሁ።»

«እና በእኔ ስም ትጫወታለህ? አንተ ገመድ ስትነቅል እኔ ከሥራዬ ልነቀል ነው! እጥበት ልገባ ነው፣ ይገባሃል?»

ክው አለ። አላወቀም ነበር። ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረ።

«የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። የእሷ ሥራ እንከን የለውም።»

አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ ግን የመኪናውን ቁልፍ ወረወርኩለት።

«ሂድ! ዓይንህን እንዳላይ!»

ሁለት ወር ሆነ። ሥራዬ ላይ ቆየሁ፤ በመኪና ድምፅ መደንገጥ ግን አልተውኩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያቺን ሰማያዊ መኪና እየገፋ በራችንን ሲያልፍ አየሁት። ላብ አጥምቆታል።

«ወዴት ነው?»

«ሌላ ጋራዥ። አሁን የምሯን ተበላሽታለች። እዚህ ባስገባት ደግሞ ይስቁብሻል ብዬ ነው።»

አቦ! እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አድርጎ መጥላት ይቻላል?

«አስገባት! የሚስቅ ይሳቅ!»

ቤንዚኑን የሚመጥነው ካርቡራተር ቆሻሻ ይዞ ነበር። አጽድቼ አስነሳኋት። ኒቆዲሞስ መኪናዋን ትቶ እኔን ያያል።

«ቤዚ፣ ያለ ሰበብ ልምጣ... ላግባሽ።»

«ሽማግሌ ላክ።»

«ሐረር ውስጥ ማን አለኝ?»

«ጋሽ ደምሴ አሉልህ። እሳቸው ካልመጡ እኔም የለሁም!»

እሁድ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። መሐል የቆሙት ጋሽ ደምሴ ናቸው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። «ቱታሽን ሳታወልቂ ማን ያገባሻል?» ስትለኝ የኖረችው እናቴ ኮስተር ብላ ጠበቀቻቸው። እንደ ወጉ ቆመው ጠየቁ።

«ልጄ መካኒክ ናት» አለች እማዬ። «ቤንዚን ቤንዚን ነው የምትሸተው። ይሄን አውቃችሁ ነው?»

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እትዬ አልማዝ፣ እጇን አውቀዋለሁ። ጋራዤ ውስጥ ከእሷ የሚበልጥ መካኒክ የለም። እኔንም ጨምሮ።»

ቀሚስ ልበሺ ተብዬ ነበር። በቱታዬ ወጣሁ!

«ጋሽ ደምሴ፣ በደንብ አልሰማሁም። ይድገሙልኝ!»

እማዬ ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም እንደቆሙ ደገሙት፣ ጮክ ብለው። «በሉ ተቀመጡ» የተባሉት ከዚያ በኋላ ነው።

በጥር ተጋባን። የሠርጋችን መኪና ያቺው ሰማያዊዋ ነበረች። የነዳሁት እኔ ነኝ።