ሎሚ ያስተኛው ሽታ

አያልነህ የሞተው የጨው ዓሣ በርሜል ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ነው። የፖሊሱ መቶ አለቃ ደሴ፣ ወረታ ከተማ ካለው መጋዘን ሲደርስ ሬሳው መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ጢሙ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፏል፣ ከአፍንጫው ቡናማ ውኃ ይንጠባጠባል።

አገሬው ግን ፍርዱን ጨርሷል። የሟቹ ሸሪክ ሳልህ ከራስ እስከ እግሩ ዓሣ ዓሣ ስለሚከረፋ እጁ በገመድ ታስሯል። ወደ ደብረ ታቦር እስር ቤት የሚወስደው የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ወዳጄን ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ ቢል ማን ይስማው። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ እንዲሉ፣ ገመዱን ያጠበቀው የሟቹ ወንድም አንለይ ነው።

ደሴ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ ጎንበስ አለ። የሬሳው ማጅራት ላይ የጣት ሰንበር አለ፤ ሰው ደፍቆታል።

የሟቹ ሚስት ይታይሽ ጧቱን ገበያ ነበረች። ከሟች ጋር በአባት መሬት ሲካሰስ የኖረው አንለይ ደግሞ ጣራ ገዳም ልሳለም ሄጄ ነበር አለ።

«መጋዘኑን ዛሬ ረግጠኸዋል?»

«እኔ? ካመት ወዲህ ደጃፉንም አላየሁት። ዓሣ ገና ሲሸተኝ ያስመልሰኛል።»

ደሴ እየቀፈፈው ቀረብ ብሎ አሸተተው። ዓሣ የለም፤ ከጋቢው አንድ ጥግ ብቻ ሎሚ ይሸታል። ወዲያው ሁሉንም ደጃፉ ላይ ሰበሰበና አመድ አስመጥቶ በውኃ በጠበጠ።

«የዓሣን ክርፋት የሚያመጣው ትራይሜቲልአሚን የሚባል ጋዝ ነው» አለ። «ሜቲል የሚሉት ነገር ሦስት ሆኖ ከአንድ ናይትሮጅን ጋር ተጣብቆ የሚሠራው ነው፤ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሎሚ ሲነካው ጨው ይሆንና ሽታው ጸጥ ይላል። የጣና ዓሣ አጥማጅ እጁን በሎሚ የሚያሸው ለዚህ ነው። እናንተ ጠፋ ትላላችሁ፤ ተኝቷል እንጂ አልጠፋም። አመድ የሎሚውን ኮምጣጣ ሲሰብረው ይነሣል።»

በመጀመሪያ የይታይሽን ነጠላ ጫፍ ነከረ፤ እርጥብ አመድ ብቻ ሸተተ። ቀጥሎ የአንለይን ጋቢ ጥግ ነከረ። ክርፋቱ ሲነሣ ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ አንዱ ዞሮ ተፋ።

«ዓመት ሙሉ ያላየኸው በርሜል ጋቢህ ላይ ምን ይሠራል?»

አንለይ «ያባቴን መሬት ለሚስቱ ሊያወርስ ነበር» አለ፤ ፊቱ ላይ ቅንጣት ጸጸት አልታየም። ደሴ ከበርሜሉ ይልቅ ይህን ሰው ተጸየፈው።

ይታይሽ በገዛ እጇ የሳልህን ገመድ ፈታች። ሳልህ የተላጠ የእጁን አንጓ እንኳ አላየም።

«ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» ሲል ጠየቃት።