ቀድሞ የተሠራ ቃሬዛ

ከደባርቅ በታች ባለችው መንደር ሰው ሲታመም ቃሬዛ የሚያሠራው ሻረው ነው። ድምፁ ገደል የሚሻገር በመሆኑ፣ እርሱ «የሰው ያለህ!» ካለ እርፉን ጥሎ የማይመጣ የለም። በየተራ እየተቀባበሉ ዳገቱን ወጥተው በሽተኛውን ከመኪና መንገድ ያደርሳሉ። ማን ስንት ጊዜ እንደተሸከመ የሚቆጥር የለም፤ መቁጠሩም ነውር ነው።

አንድ ነገር ግን በዚያች መንደር እርም ነው፤ ቃሬዛ ቀድሞ አይሠራም። እንጨቱ የሚቆረጠው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ላልታመመ ሰው ቃሬዛ ማዘጋጀት ሞትን በስሙ መጥራት ነው ይላሉ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕሊና፣ እህል በገባበት ወራት ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ልታስረዳ በመጣች ጊዜም ሻረው የመለሰላት ይህንኑ ነበር።

«ጋሼ ሻረው፣ ሁሉም በደህናው ጊዜ በዓመት ጥቂት ያዋጣል፤ የታመመው ይታከምበታል።»

«አንቺ ልጅ፣ ደህና ውለን ደህና ባደርን ለበሽታ ቀብድ ክፈሉ ትይናለሽ? እኔ በሽታን አላውቀው፣ እሱም አያውቀኝ!»

ሰዉ ሳቀ። ሕሊና ግን አልሳቀችም። «ለቀብራችሁ እድር ትከፍሉ የለም እንዴ? ሞትን ያልጠራ መዋጮ በሽታን ይጠራል?»

«እሱማ የአባቶቻችን ነው» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ።

በሰኔ መግቢያ፣ እርሻ በተጧጧፈበት ሰሞን፣ ሚስቱ ይርገዱ ሆዷን ይዛ ወደቀች። ሻረው ተጣራ፤ ሰዉም መጣ። ነገር ግን እንጨቱ እስኪቆረጥ፣ ጠፍሩ እስኪታሰር ድረስ እርሷ ደጃፍ ላይ ስታቃስት ቆየች። እያንዳንዱ የመጥረቢያ ምት በገዛ ደረቱ ላይ የሚያርፍ መሰለው።

ደባርቅ ሆስፒታል ሲደርሱ ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ተቃርቦ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ተረፈች። ለሕክምናው ግን ሻረው ቦራን፣ ከጥማዱ አንዱን በሬ፣ በጥድፊያ ሸጠ።

ከአጠገቧ አልጋ ላይ በዚያው ሕመም የታከሙ፣ እማማ ስጦታ የሚባሉ የዳባት ሴት ነበሩ። ነጠላቸው ያለቀ፣ በሬ ቀርቶ አንዲት በግ የሌላቸው ባልቴት ናቸው። የሚወጡበት ቀን ሲደርስ የመድን መታወቂያቸውን አሳይተው ዘንቢላቸውን አነሡ።

«እማማ፣ ማን ከፈለልዎ?» አለ ሻረው ተገርሞ።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? ባለበቅሎው ይሆናል፣ ባለሱቁ ይሆናል። ስሜን አያውቁም፤ ስማቸውን አላውቅም።»

«በደህናዎ ጊዜ የከፈሉትስ ባክኖ አልቀረም?»

«ምን ይባክናል! ሌላውን ተሸከምኩበት። አሁን ደግሞ ተራዬ ሆነና እኔን ተሸከሙኝ።»

ሻረው ወደ መስኮቱ ዞረ። ከመስኮቱ ማዶ የስሜን ተራሮች ጉም ለብሰው ተደርድረዋል። በየሸንተረሩና በየጎጡ የሚኖር፣ መልኩን አይቶት የማያውቀው ሰው ሁሉ ትከሻውን ሰጥቶ እኒህን ባልቴት ከሞት አፋፍ ሲያወጣቸው ታየው። ዕድሜ ልኩን ቃሬዛ የተሸከመው ሰው፣ ጫፍና ጫፉ የማይታይ ቃሬዛ መኖሩን ያን ዕለት ዐወቀ።

«እግዚኦ! ይህን ያህል ሰው?» አለ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደቆመ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያን ክረምት በቀረው በሬ ከጎረቤቱ ከኪዳኑ ጋር ተቀናጅቶ አረሰ፤ የመሬቱ እኩሌታ ግን ጦም አደረ። የመድኑ ምዝገባ ሲከፈት ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው እርሱ ነው። በዚያው ሳምንት ወይራ ቆርጦ፣ ጠፍር ወጥሮ ቃሬዛ ሠራና ወደ እድሩ ስብሰባ ተሸክሞት መጣ። ሰዉ አማተበ።

«አንተ ሻረው፣ ማንን ልትቀብር ነው?» አለው ኪዳኑ።

«ማንንም ላለመቅበር ነው! ይርገዱ ስታቃስት እኔ እንጨት እቆርጥ ነበር። ከእንግዲህ ሰው ወድቆ እንጨት አልቆርጥም። ሕሊና የነገረችንም ይህንኑ ነው፤ ትከሻችንን በደህናችን ጊዜ እናዋጣ። ደረስጌ ማርያምን፣ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ማንም አልሳቀም። ኪዳኑ ቀስ ብሎ ተነሣና የቃሬዛውን ሌላ ጫፍ ያዘ። ሁለቱ አንሥተው በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ሰቀሉት።

ወገኖቼ፣ በሽታ ስላልጠሩት አይቀርም፤ ስለተዘጋጁለትም አይመጣም። ብዙ ትከሻ የተሸከመውን ቤት ግን አያፈርሰውም።